ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ማርቆስ ላይ አገኘሁ፤ ልግዛ ወይስ ልተወው?

የማርቆሱ ልጅ | ኅዳር 4

እንዴት ሰነበታችሁ የዚህ ቤት ሰዎች።

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ከሰፈራችን ወረድ ብሎ አንድ ግቢ አለ፤ ልጆች ሆነን ኳሳችን ሁልጊዜ የምትገባበት። ኳሷን ላመጣ አጥር ዘልዬ የገባሁ ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር ሸራ የለበሰ መኪና አየሁ። ሸራውን ገለጥኩት። እዚያው ተያዝኩ፣ ተገረፍኩም። መኪናው ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ሊሸጡት ነው ሲባል ሰማሁ።

ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ነው። የ1968 እ.ኤ.አ. ስሪት፣ ሁለት በር፣ 1438 ሲሲ። ቀይ ነበር ይላሉ፤ አሁን ቀለሙ የከረመ በርበሬ መስሏል። ሞተሩ በእጅ ሲያዞሩት ይዞራል፣ አልነከሰም። ከተነሳ ግን ዘመናት አልፎታል። የኋላ የግራ መብራቱ ሽፋን የለም። አንዱ ጎማ ግማሹ መሬት ገብቷል። የጠሩልኝ ዋጋ 350 ሺህ ብር ነው። ትንሽ ይቀንሳሉ ብዬ አስባለሁ።

ትርፍ ፈልጌ አይደለም። ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይዣት እስከ ደምበጫ ደርሼ ብመለስ ይበቃኛል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ጥገናው ይቻላል ወይስ ያስለቅሰኛል? ስፓይደሯን፣ ጣራዋ የሚገለጠውን፣ ዓለም ሁሉ ያውቃታል። ኩፔዋን ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እኔ ጋ የደረሰችውም ለዚህ መሰለኝ።

ባለቤቴ እስካሁን አልሰማችም። እዚህ ያያችሁትን እዚያ አታውሩ።


ሳይቸግር | ኅዳር 4

ወንድሜ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው። 350 ሺው እኮ መግቢያ ብቻ ነው። ከዚያ አራት ጎማ፣ ባትሪ፣ ፍሬን፣ ራዲያተር፣ ቀለም። ለዚህ ሁሉ የምታወጣውን ደምረህ ዲኤክስ ኮሮላ ፈልግ። በነጋታው ትነዳታለህ፣ ዕቃዋም በየሱቁ አለ። ደግሞስ በማርቆስ ኮብልስቶን ላይ ስፖርት መኪና ምን ያደርግልሃል? ሆዷ መሬት ነው።


ሰማያዊ ነጭ | ኅዳር 4

ኧረ አታስፈራሩት! 124 ማለት እኮ ላዳ ማለት ነው። ስሙ ነው የተቀየረው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ውረድ፣ የላዳ ዕቃ እንደ ሽንኩርት ተዘርግቶልሃል። ግዛ!


እንጅባራ 07 | ኅዳር 5

ፎቶ የለም እንዴ? ያለ ፎቶ መኪና ማውራት ያለ በርበሬ ሽሮ መብላት ነው።


አያ ፑንቲና | ኅዳር 5

ልጄ፣ ሰማያዊ ነጭ ያለህን ግማሹን ስማው፣ ግማሹን ተወው።

እኔ ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ላዳም ፊያትም በእጄ አልፏል። ላዳ 2101 ከ124 መወለዷ እውነት ነው። ጣሊያኖቹ ለሶቪየቶች ፈቃድ ሸጡላቸው፣ ቶልያቲ ላይ ፋብሪካ ተተከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዋ ወጣች። ነገር ግን ሩሲያኖቹ እንዳለ አልወሰዷትም። የእነሱም መንገድ እንደኛው ነው መሰለኝ። ላሜራውን አወፈሩት። የኋላውን ዲስክ ፍሬን ጥለው ከበሮ አደረጉት። ሞተሩን ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ አደረጉት፤ የላዳው ካምሻፍት፣ ቫልቮላ የሚከፍተው ዘንግ፣ አንድ ነው፣ የሚዞረውም በካቴና ነው።

የኩፔዋ ሞተር ሌላ ዘር ነው። ላምፕሬዲ የሚባል መሐንዲስ ነው የሠራው። ሰውዬው ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ፌራሪ ቤት ሞተር ይሠራ ነበር፤ እንግዲህ አስበው። ሁለት ካምሻፍት ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ላይ ተቀምጠዋል። የሚያዞራቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። በዚያ ዘመን ይሄ ገና አዲስ ነገር ነበር። 90 የፈረስ ጉልበት አለው። ፍሬኗ በአራቱም እግር ዲስክ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደህ «የላዳ ነው» እያልክ የሞተር ዕቃ ብትገዛ ለቤትህ ጌጥ ገዝተሃል።

ከላዳ የሚሆንህ ምንድን ነው? አንደኛ እግሯ። ቸርኬው ባለ 4 ብሎን ነው፣ የብሎኑ ክብ በሁለቱም 98 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጎማውም 13 ነው። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ፤ ጎማ ያጣ መኪና ዶሮ ማደሪያ ነው የሚሆነው። የፊት እግር አሠራሩም ዘሩ አንድ ነው። ግን በስም አትግዛ። አሮጌውን ፈትተህ በፌስታል ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስለካ።

የቀረው ቀላል መኪና ነው። ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያቆራርጠው)፣ ካንዴላ፣ ዌበር ካርብራቶር። ኮምፒውተር የላትም፣ «ሲስተም የለም» ብላ አትመልስህም። የፍሬን ሸራ ብታጣ ብረቱ ይኑር እንጂ ሸራ የሚለጥፉልህ ሰዎች አሉ። ፒስቶን ቢያስፈልግህ ሬክቲፊካ ቤት ለክተው ከሌላ ሞተር የሚስማማ ይፈልጉልሃል። ሞተር ብረት ነው። ለብረት ቶርኖ ቤት አለለት።

የሚገልህ ላሜራና መስታወት ነው። ማግኔት ያዝ። ከበሩ ሥር፣ ከጎማው በላይ ባለው ቅስት፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉ ላይ አስጠጋው። ካልያዘ ስቱኮ ነው የምትገዛው። የጎጃም ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። ከባሕር ዛፍ ሥር ስንት ክረምት አለፈባት?

አንድ ነገር አደራ። ቺንጋው ሳይቀየር በሞተሪኖ እንዳታስነሷት። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምር፣ ሁለት ቀን ይደር፣ ከዚያ በእጅ አዙር። ባለቤቶቹ «ባትሪ አምጣና አሁኑኑ እናስነሳት» ቢሉህ እምቢ በል።


ሰማያዊ ነጭ | ኅዳር 5

እሺ አያ፣ ተምሬያለሁ። ጎማው ግን የላዳ ነው ብዬ ነበር እኮ 😄


ካርማን በጣና | ኅዳር 5

እኔም በዚህ በሽታ የተለከፍኩ ነኝ። ባሕር ዳር መምህርት ነኝ፣ መኪናዬ የ1963 ካርማን ጊያ ናት። «እሷ ስፖርት መኪና አይደለችም» የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ልብሷ የስፖርት፣ ሆዷ የቮልስ ነው። 1200 ሞተር፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ከተማችን 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ከዚያም ላይ አየሩ ድርሻውን ያነሳል። ባጃጅ ይቀድመኛል። አይቆጨኝም።

ጥገናዋን ልንገራችሁ። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው፤ ስለዚህ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው። የቫልቮላ ክፍተት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አያለሁ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት፣ ቡና ሳይቀርብ። ሦስተኛው ሲሊንደር ልዩ ዓይን ይፈልጋል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ንፋሱን ስለሚሻማው ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን ሁሉ የቮልስ መካኒክ በቃሉ ያውቀዋል። ዕድሜ ለተራዋ ቮልስ፣ ሞተር አስቸግሮኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ለቅሶው። አንድ ማታ ወደ ግቢ ስገባ የበሩን ምሰሶ በአፍንጫዋ ሳምኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው። ተራ ቮልስ ብትሆን ፓራፋንጎዋ በብሎን ነው የታሰረው፣ ፈትተህ ሌላ ታስራለህ። የጊያ አካል ግን እርስ በርሱ የተበየደ ነው። ፋብሪካው ውስጥም ሠራተኞቹ ቁርጥራጩን በየደው መጋጠሚያውን በእጅ ሞርደው ነው ያለሰለሱት። የኛ ባትላሜራ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዝም አለ። ዝም ሲል ዋጋው ገባኝ። ሞተሩን ሙሉ ካሳደስኩበት በላይ ለአፍንጫ ከፈልኩ።

ስለዚህ የማርቆሱ ልጅ፣ አያ ያሉት እውነት ነው። ሞተሩን እርሳው፣ ቆርቆሮውን ቁጠር። የጠፋው መብራት ትንሽ ነገር አይምሰልህ። እኔ የአንድ ፍሬቻ ሽፋን ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄያለሁ።


ቻርጅ | ኅዳር 6

2018 ላይ ሆነን ስለ ፑንቲና ታወራላችሁ? ኤሌክትሪክ ግዙ። መንግሥትም በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ማደር የሰለቸው ሰው አሮጌ ፊያት አይገዛም።


ካርማን በጣና | ኅዳር 6

ወንድሜ ቻርጅ፣ እሱ ቅዳሜና እሑድ ለመንዳት ነው የጠየቀው። ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው አለህ እኮ። ከእሱ ያነሰ ነዳጅ የሚጠቀም ማን አለ?

ክልከላው ግን ጥሩ ነገር አስታወሰኝ። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖ ነበር። አሁን ደግሞ በሩ ተዘጋ። እንግዲህ ከእንግዲህ አንድ አሮጌ ስፖርት መኪና ከውጭ አይገባም ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለው ያው በየሸራው ሥር ያለው ነው። የማርቆሷ ኩፔ ለቆርቆሮ ተቆርጣ ከተሸጠች ሌላ አትመጣም። ይሄ ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው አልልም። ግን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።


የተቃጠልኩ | ኅዳር 6

ከፍኖተ ሰላም ነኝ። የሌላኛውን ወገን ስሙ።

እኔም የጣሊያን ኩፔ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም፣ ወዳጆቿ ያኮርፉኛል። ካምቢዮዋ ከኋላ ነው ያለው፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተጣብቆ። ሚዛኗን ይጠብቅላታል፤ መታጠፊያ ላይ እውነትም እንደ እባብ ትሄዳለች። ነገር ግን ሞተሩና ካምቢዮው በረጅም ዘንግ ነው የሚገናኙት፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ የጎማ መጋጠሚያዎች አሉ። አንዱ ተቀደደ። ባሕር ዳር የለም፣ አዲስ አበባ የለም። አንድ ብልህ ሰው ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ሠራልኝ። እግዜር ይስጠው፣ እስከ ደምበጫ አደረሰኝ።

ከዚያ ሦስት ዓመት በድንጋይ ላይ ቆመች። ልጆቼ ድብብቆሽ ተጫወቱባት። የምሸጥበት ቀን የገዛት ሰው «ለወንበሯ ነው» አለኝ። ወንበሯን ፈትቶ ሚኒባስ ውስጥ ሊያስገባ!

እኔን የጎዳኝ የብሩ መጠን አልነበረም። ብር አለኝ፣ የምገዛው ዕቃ የለም። ያ ነው የሚያቃጥለው። የአያን መስፈርት ያን ጊዜ ባውቀው ከተራ መኪና ጋር ሆዷ የማይገናኝ ስፖርት መኪና አልነካም ነበር።


አያ ፑንቲና | ኅዳር 6

አይዞህ ልጄ። እኔም አንዲት እንደ እሷ ያለች ገብታብኝ ታውቃለች። ባለቤቱ አሁንም ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።


የቡሬው በሽቱትጋርት | ኅዳር 7

ሰላም ወገኖች። ከቡሬ ነኝ፣ ሽቱትጋርት ከገባሁ ቆይቻለሁ። እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ፤ ንቀቱ እዚህም አለና።

እኔ ያለኝ ፖርሽ 924 ነው። ስሙን ሲሰሙ ሰዎች ዓይናቸው ይበራል። ቁጥሩን ሲሰሙ ይጠፋል። ታሪኩ እንዲህ ነው። መኪናውን ፖርሽ ለቮልስዋገን ብሎ ነበር የነደፈው። ቮልስዋገን ሐሳቡን ቀየረ፣ ፖርሽ የራሱን ሥራ መልሶ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1976 ከዚህ ቅርብ ካለው ኔካርሱልም ከአውዲ ፋብሪካ መውጣት ጀመረ። ሁለት ሊትሩ ሞተር ከአውዲ ቤት ነው፣ የእሱ ዘመድ በቮልስዋገን የጭነት ቫን ውስጥም ነበር። ስለዚህ «የቫን ሞተር» እያሉ አምሳ ዓመት ሰደቡት። 125 የፈረስ ጉልበት ነው። ካምቢዮው ከኋላ ነው፣ የተቃጠልኩ እንዳለው ሚዛኑ ልዩ ነው።

ስድቡ ግን ለኔ በጀኝ። ያው ቫን፣ ያው አውዲ በሚል ብዙ የሞተር ዕቃ በርካሽ ይገኛል። ከእሱ በኋላ የመጣውን ወንድሙን 944ን ብወስድ ሌላ ወሬ ነበር። እሱ ባለ ሁለት ቺንጋ ነው፣ አንዱ ካምሻፍቱን፣ ሌላው ሞተሩ እንዳይንቀጠቀጥ የተገጠሙትን ዘንጎች ያዞራል። የካምሻፍቱ ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ደግሞ ማርሚታውን፣ ካምቢዮውን፣ መሐል ያለውን ቧንቧ ሁሉ ማውረድ አለባችሁ። የሸራው ዋጋ ምንም፣ የእጁ ዋጋ ምነው ባልወለደኝ። ርካሽ 944 ገዝተው ያለቀሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ለማርቆሱ ልጅ የሚጠቅም አንድ ነገር። የተናቀች ኩፔህ ታዋቂ እህት አለቻት። ስፓይደሯ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ተመርታለች፣ አሜሪካም በብዛት ተሸጣለች። ስለዚህ ለእሷ የሞተር፣ የፍሬን፣ የእግር ዕቃ ዛሬም አዲስ ይሠራል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ለኩፔዋም ይሆናል፣ የሞተር ዓመተ ምሕረቱንና ሲሲውን ካስተካከልክ። ላሜራና መስታወት ግን አይሆንም፣ አካላቸው ለየብቻ ነው። ያው አያ ያሉት ነጥብ ሌላ በር ዞሮ መጣ።

እዚህ አገር መኪና 30 ዓመት ከሞላው «ኤች» የሚል ታርጋ ይሰጡታል፣ ግብሩም በዓመት አንድ ዓይነት ነው፣ 191 ዩሮ። እናንተ ጋ አሮጌ መኪና ይቀጣል፣ እኛ ጋ ጡረታ ይወጣለታል።


የማርቆሱ ልጅ | ኅዳር 7

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተሳክቶልኝ ብትነሳ አባይን አሻግሬ አዲስ አበባ ልወስዳት እችላለሁ? ወይስ እዚሁ ማርቆስና ደምበጫ መሐል ትቅር?


አያ ፑንቲና | ኅዳር 8

ትሻገራለች። ግን አባይ በረሃ ሌላ አገር ነው፣ ሌላ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ካርብራቶር ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጥላል። የጣሊያኑ 90 ማርቆስ ላይ 70 እንኳን ላይሞላ ነው። ይሄን አውቀህ ግባ፣ «ሞተሩ ደክሟል» እያሉ እንዳያስፈቱህ። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል። ካንዴላውን ስትፈታ ጥላሸት ከለበሰ ያ ነው። መድኃኒቱ ጂግለር ነው፣ ካርብራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የሚለካው ባለ ቀዳዳ ብሎን። የዌበር ጂግለር ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊ ሜትር። ለደጋ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርግ። በመሰርሰሪያ የሚያሰፋልህን ሰው ግን ከመኪናህ አርቀው። የሰፋ ጂግለር ተመልሶ አይጠብም።

አሁን በደጋው ጂግለር ደጀንን አልፈህ ቁልቁል ወረድክ እንበል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከሺህ ሜትር በላይ ወርደሃል። አየሩ ወፍራም ሆነ፣ ነዳጁ አነሰ፣ ሙቀቱ ጨመረ። ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ሙሉ ጋዝ ስትሰጣት ሞተሩ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ቁም። ወፍራሙን ጂግለር ኪስህ ውስጥ ይዘህ ውረድ። የምትቀይረው ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ነዳጅ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር ስለሚሞቅ ነዳጁ ቱቦ ውስጥ ተኖ እምቢ ሊል ይችላል። እርጥብ ጨርቅ ጣልበት፣ ሻይ ጠጣ።

ራዲያተር። ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 አይደለም፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ሳይታመም ይፈላል። ስንቱ ሰው ለ«ቴስታታ ተቃጥሏል» ከፍሏል፣ ጥፋቱ የክዳን ጎማ ሆኖ ሳለ! አዲስ ክዳን ግዛ፣ ከሁሉም በፊት።

ፍሬን። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ዲስክ ነው ብለህ አትኩራ። አሮጌ የፍሬን ዘይት ውኃ ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ 140 ላይ ይፈላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አንተ ደግሞ ገደሉን ታያለህ። እሷ ውስጥ ያለው ዘይት ከአንተ ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉንም አፍስስ፣ ማኒኮቶዎቹንም ቀይር።


ሊብሬ ይቅደም | ኅዳር 8

ስለ ጂግለር ስታወሩ ማንም ሰው ስለ ወረቀት አልጠየቀም። የማርቆሱ ልጅ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው? ሰውየው በሕይወት አሉ? ከሌሉ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቷል? ወራሾቹ ስንት ናቸው፣ ሁሉም ይፈርማሉ? ቦሎ ከተለጠፈ ስንት ዓመት ሆነ? ሻንሲ ላይ ያለውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየህ? ዝገት ከበላው ደግሞ ቁጥሩ ላይነበብ ይችላል።

ዝገት ይበየዳል። ካናዳ ያለ ወራሽ አይበየድም።


የማርቆሱ ልጅ | ኅዳር 8

ወይኔ! ካናዳ ያለ እንዳለ በምን አወቅህ?


ሊብሬ ይቅደም | ኅዳር 8

ሁልጊዜ ካናዳ ነው።


የማርቆሱ ልጅ | ኅዳር 16

ቃሌን ጠብቄ መጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየኋት። ማግኔት ከድሮ ራዲዮ ስፒከር ፈትቼ ነው የሄድኩት።

ቅስቶቹ ከኋላ በቀኝ በኩል ስቱኮ ናቸው። ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ከበሩ ሥር በግራ በኩል ጣቴ ገባ። ወለሉ ግን ደኅና ነው፤ የድሮው ባለቤት ከሥሩ ወፍራም ሬንጅ ቀብተውት ነበር። የፊት መስታወቱ ሥር ንጹሕ ነው። መስታወቶቹ ሁሉም አሉ፣ አልተሰነጠቁም። ማርቆስ ያለው ባትላሜራ አይቶ አልተነፈሰም ነበር፣ የካርማንን ወሬ አስታውሼ ልቤ ወረደ። ኋላ ግን «ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አለ። ዋጋውንም በወረቀት ጻፈልኝ።

ባለቤቶቹ አያ እንዳሉት ባትሪ አምጥተው ሊያስነሷት ነበር። እምቢ አልኩ። ክዳኑን ገልጬ ቺንጋውን ሳየው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ልጃቸው ቁልፉን ቢያዞረው ኖሮ ምን እንደሚሆን እሱም አየው፣ ከዚያ በኋላ ዋጋው ወረደ። 270 ላይ ተስማምተናል።

ሊብሬው በሟቹ አባት ስም ነው። ወራሾቹ አራት ናቸው። የወራሽነት ማስረጃ አውጥተዋል፣ ተመስገን። ሦስቱ እዚህ አሉ። ካናዳ ያለችው ውክልና ልካለሁ ብላለች። ውክልናው እስኪደርስ አንድ ብር አልከፍልም፣ ይህን ለሊብሬ ይቅደም ቃል ገብቼለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል።

ባለቤቴ ሰማች። ከማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከናንተ መሐል ማርቆስ ዘመድ ያለው ይኖራል። ያለችኝን አልጽፈውም። ግን ትናንት ማታ «ቀይ ነበረች ነው ያልከው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የቀረው የኋላው የግራ መብራት ሽፋን ነው። ማርቆስ የለም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሶማሌ ተራን ሙሉ ቀን ዞረ፣ የላዳ እየሰጡት መለሱት።


ሳይቸግር | ኅዳር 16

በ270 ከሆነ... እሺ፣ ምንም አልልም። ስትነሳ ግን አሳየን።


የቡሬው በሽቱትጋርት | ኅዳር 17

የቀኙን ሽፋን ፍታና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ግራው ያለው ሰው እዚህ ሳልፈልግለት አልቀርም። ለጥምቀት ወደ ቡሬ እመጣለሁ። እናቴ የያዘችብኝን ቦታ ካወጣሁ በኋላ ሻንጣዬ ሦስት ኪሎ ይተርፈዋል።


አያ ፑንቲና | ኅዳር 17

የልጄ ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ካለህ ቺንጋውንም ጨምርበት። የሞተር ቁጥሩን ከማርቆሱ ልጅ ተቀበል። የ125 ጂግለርም ጣል አድርግበት፣ እሱ አይከብድም።